ጥፋት የሌለበት ዕዳ

አንድ ሰው ደንብ ሳይጥስ፣ የተቀጠረበትን ሥራ በመሥራት ላይ ሳለ፣ ሌላውን ሰው ለዕድሜ ልኩ ሽባ ቢያደርገው ዕዳ አለበትን? ወይስ «ደንቡ ፈቅዶልኛል» ብሎ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል?

ጥያቄው የሥነ ምግባር መምህር ለፈተና ያዘጋጀው ይመስላል። ነገር ግን ሁለት አሜሪካውያን በሥጋና በአጥንታቸው ኖረውታል። አንዱ ዳሪል ስቲንግሊ፣ ሌላው ጃክ ታተም ይባሉ ነበር። የሁለቱም እንጀራ ኳስ ነበር፤ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ስማቸውን ያስተሳሰረው የአንድ ቅጽበት ግጭት ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በአንድ አገር ሲኖሩ፣ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ሞቱ። የትምህርት ጓደኞቼ፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ላብላላው የፈለግሁት ይህንን ነው። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል፤ አለዚያ ነገሩ አይገባንም። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ ሞላላ፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው፤ የሚያዘውም በአብዛኛው በእጅ ነው። አሥራ አንድ ሰው ከአሥራ አንድ ሰው ጋር 100 ያርድ ርዝመት ባለው ሜዳ ላይ ይገጥማል። አጥቂው ወገን ኳሱን ወደፊት ለማድረስ፣ ተከላካዩ ወገን ኳስ የያዘውን ሰው መሬት ላይ ጥሎ ለማስቆም ይታገላል። መጣል ማለት እንግዲህ እንደ ትግል ይዞ መጣል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሙሉ ኃይል ሮጦ መጥቶ በትከሻ መግጨትም ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ላይ ጠንካራ ሄልሜት የሚደፉት፣ ትከሻቸውንም በመከላከያ የሚሸፍኑት ለዚህ ነው።

ከአጥቂዎቹ አንዱ «ዋይድ ሪሲቨር» ይባላል፤ ኳስ ተቀባይ ልንለው እንችላለን። ዳር ላይ ይቆምና ጨዋታው ሲጀመር በተወሰነለት መንገድ ይሮጣል፤ «ኳርተርባክ» የሚባለው ወርዋሪ ከሩቅ የላከለትን ኳስ በአየር ላይ እንዳለ ይቀልባል። አሁን የዚህን ሰው ሥራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ኳሱ ሲመጣ ዐይኑን ከኳሱ ላይ መንቀል የለበትም። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ ደረቱንና ጎኑን ገልጦ ይዘላል። ያን ጊዜ በሜዳው ላይ ከእሱ የበለጠ የተጋለጠ ሰው የለም። ሌላው ሁሉ የሚመጣበትን ሰው ያያል፤ እሱ ግን የሚያየው ኳሱን ብቻ ነው። ሥራውን በሚገባ ለመሥራት ራሱን መጠበቅ መርሳት አለበት ማለት ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ «ሴፍቲ» የሚባል ተከላካይ አለ፤ ከሁሉ ኋላ የቆመ የመጨረሻ ዘብ ነው። የዚህ ሰው ሥራ ኳስ ማስጣል ብቻ አይደለም። ተቀባዩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲዘል ስለ ኳሱ ሳይሆን ስለሚመጣበት ሰው እንዲያስብ ማድረግም ነው። ባጭሩ ማስፈራት ነው። የኦክላንድ ሬደርስ ቡድን ጃክ ታተምን በ1971 የወሰደው ለዚህ ሥራ ነበር፤ እሱም ሥራውን አሳምሮ ሠራ። «ነፍሰ ገዳዩ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ይህም እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ነበር የሚቆጠረው።

ስቲንግሊ በ1951 በቺካጎ ከተማ ተወለደ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፤ በ1973 የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ቡድን ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች መካከል በመጀመሪያው ዙር በ19ኛ ተራ መረጠው። አምስት ወቅት ተጫወተ። በእነዚህ ዓመታት 110 ኳሶች ያዘ፤ በእነሱም 1,883 ያርድ ተጓዘ፤ 14 ጊዜ የባላጋራን መስመር ተሻግሮ ነጥብ አስቆጠረ። ቁጥሩ ከታላላቆቹ ተርታ የሚያሰልፍ አይደለም፤ የሚናቅም አይደለም። ገና እየበሰለ የሄደ፣ 26 ዓመት የሆነው፣ አዲስ ውል ለመዋዋል በንግግር ላይ የነበረ ወጣት የሥራ መዝገብ ነው። ከዚህ በኋላ መዝገቡ ተዘጋ። አንድም ቁጥር አልተጨመረበትም።

የተዘጋው ኦገስት 12 ቀን 1978 በኦክላንድ ስታዲየም ነው። ግጥሚያው ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት የሚደረግ የመለማመጃ ግጥሚያ ነበር፤ ውጤቱ ለማንም አይቆጠርም። የፓትሪየትሱ ወርዋሪ ስቲቭ ግሮጋን ኳሱን ወደ ሜዳው መሐል ላከ። ኳሱ ራቀ። ስቲንግሊ ሊደርስበት ተወርውሮ ዘለለ፤ አልያዘውም። ወደ መሬት ሲመለስ ታተም በሙሉ ፍጥነት ከፊቱ ደረሰ፤ የስቲንግሊ ራስ ከታተም ትከሻና ክንድ ጋር ተጋጨ። ስቲንግሊ ወደቀ፤ አልተነሣም። አራተኛውና አምስተኛው የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆኖ ኖረ፤ ከጊዜ በኋላ የተመለሰለት የቀኝ እጁ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነበር።

በዚህ ጨዋታ ዳኞች ጥፋት ሲያዩ ቢጫ ጨርቅ ሜዳ ላይ ይወረውራሉ። ለዚያ ግጭት የተወረወረ ጨርቅ የለም። ሊጉም በኋላ ታተምን አልቀጣውም። በጊዜው በነበረው ደንብ መሠረት ምቱ የተፈቀደ ነበር። ታተምም የያዘው ይህንን ነው፤ ደንብ አልጣስሁም፣ ስለዚህ የምጠይቀው ይቅርታ የለም። ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ነበር፣ ቤተሰቡ አላስገባኝም ብሎ ተናግሯል። እንዲያ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ነበሩ። ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ «ነፍሰ ገዳይ ይሉኛል» የሚል ነበር።

ይህን ታሪክ ለአንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛዬ ባጫውተው ሻዩን እንኳ ሳያስቀምጥ ፍርድ ሰጠ። «ስማ፣» አለኝ፣ «የኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንብበኸዋል? ቁጥር 2067 ሰው በአድራጎቱ የሌላውን አካል ከጎዳ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ወዲያው ግን ቁጥር 2068 ስፖርትን ለብቻው ያወጣዋል። ተንኮል ካልሠራ፣ የጨዋታውንም ደንብ በከባዱ ካልጣሰ፣ ጓደኛውን የጎዳ ተጫዋች አይጠየቅም። በ1960 የወጣ ሕግ ነው፤ ያንተን ሰውዬ አስቀድሞ ነፃ አውጥቶታል። ደግሞስ ስቲንግሊ ራሱ ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ፣ ፈርሞ፣ ደመወዝ እየተከፈለው የገባ አይደለም እንዴ?»

ክርክሩ ቀላል አይደለም። እንዲያውም ከሕጉ የሚቀድም ነው። ጨዋታ ከተራው ኑሮ የተለየ ክልል መሆኑን አባቶቻችንም ያውቁታል። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋል፤ በዱላ የተመታ ጌታ አይቆጣም፤ ቂምም አይያዝበትም። በጨዋታ ክልል ውስጥ የገባ ሰው ከሜዳው ውጭ ቢሆን የማይቀበለውን ነገር ተቀብሎ ነው የሚገባ። ይህ ባይሆን ጨዋታ የሚባል ነገር ባልኖረ። ለእያንዳንዱ ግጭት ፍርድ ቤት የምንሄድ ከሆነማ ኳሱን አቃጥለን ቁጭ ማለት ነው።

ታዲያ ክርክሩ እዚህ ያለቀ ይመስላል። ለእኔ ግን አላለቀም፤ ምክንያቴንም አንድ ባንድ ላቅርብ።

በመጀመሪያ «ጥፋት የለብህም» እና «ዕዳ የለብህም» የሚሉት ሁለት አነጋገሮች አንድ አይደሉም። ዋስ የሆነ ሰው አልተበደረም፤ አላጭበረበረም፤ አንዲት ሳንቲምም አልበላም። ተበዳሪው ሲጠፋ ግን የሚከፍለው እሱ ነው። «ምን አጠፋሁ?» ቢል ትክክል ነው፤ ምንም አላጠፋም። ቢሆንም ዕዳው የእሱ ነው። ስለዚህ ዕዳ ያለ ጥፋት ሊኖር መቻሉን በየገበያው እናውቀዋለን። የሕግ ተማሪው ጓደኛዬ የጠቀሰው ቁጥር 2067 ራሱ ይህንኑ ነው የሚመሰክር። ቁጥር 2068 ስፖርተኛውን ነፃ የሚያወጣው ከገንዘብ ካሳ ነው። ከሌላው ዕዳ ነፃ ሊያወጣው አይችልም፤ ምክንያቱም ያኛውን ዕዳ የጫነበት ሕግ አይደለምና።

ያኛው ዕዳ ምንድነው? ወደዚያ ለመድረስ ሌላ ግጭት ላንሣ። በጃንዋሪ 9 ቀን 1977፣ ማለት ስቲንግሊ ከመጎዳቱ ዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ ኦክላንድ ሬደርስ ለሻምፒዮናው ከሚኒሶታ ቫይኪንግስ ጋር ገጥሞ ነበር። ሳሚ ዋይት የሚባል ኳስ ተቀባይ ኳስ ሲቀልብ ታተም ደርሶ መታው። ሄልሜቱ ከራሱ ላይ በረረ። ዋይት ግን ኳሱን አልለቀቀም፤ በኋላም ተነሣ። ሬደርስ 32 ለ 14 አሸነፈ፤ ያ ምትም የሻምፒዮናው ታሪክ በተወራ ቁጥር እየተነሣ በአድናቆት የሚታይ ሆነ።

አሁን ሁለቱን ምቶች አስተያዩአቸው። መቺው አንድ ሰው ነው። ፍጥነቱ፣ ልማዱ፣ ሐሳቡ፣ የተከፈለው ደመወዝ አንድ ነው። በአንዱ ተጨበጨበ፤ በሌላው ሰው ሽባ ሆነ። ልዩነቱ የት ነው ያለው? በታተም ልብ ውስጥ እንዳትፈልጉት፣ እዚያ የለም። ልዩነቱ ያለው በአንድ ሰው አንገት አቀማመጥ፣ በጥቂት ጣት ስፋትና በሴኮንድ ሽራፊ ውስጥ ነው። ታዲያ በሰው ላይ የምንፈርደው በሐሳቡ ከሆነ ሁለቱም ምቶች እኩል መወደስ ወይም እኩል መወቀስ አለባቸው። ከዋይት ሄልሜት ጋር ያጨበጨበ እጅ የስቲንግሊን አንገት ሲያይ ታተም ላይ ጣቱን የሚቀስርበት ምን መብት አለው?

ፈላስፎች ይህን እንቆቅልሽ «የሞራል ዕድል» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት በ1976 በዚሁ ርዕስ የተከራከሩት እንግሊዛዊው በርናርድ ዊልያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል ናቸው። ዊልያምስ የአንድ የጭነት መኪና ነጂ ምሳሌ ይሰጣል። ነጂው ምንም ሳያጠፋ አንድ ሕፃን መኪናው ሥር ገብቶ ይሞታል። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ያዝናል፤ የነጂው ኀዘን ግን የተለየ ነው። እኛ «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» እንለዋለን፤ ማለትም ይገባናል። ነገር ግን ይኸው ነጂ ገና ከመጀመሪያው፣ ከእኛ አፍ ቀድሞ፣ «ልክ ነው፣ የእኔ ጥፋት አይደለም» ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ቢሄድ ምን እንላለን? ሰውየው ላይ አንድ ነገር እንደጎደለ እንጠረጥራለን። የዊልያምስ ነጥብ ይህ ነው። የጎደለው ጸጸት አይደለም፤ ስላላጠፋ አይጸጸትም። የጎደለው «ይህ ነገር የተደረገው በእኔ እጅ ነው» የማለት ስሜት ነው።

ስሜቱን አማርኛ ያውቀዋል። እንግዳ ሰው መንገድ ላይ አደናቅፎት ቢወድቅ በአጠገቡ የምታልፍ እናት ምንድነው የምትል? «እኔን!» ትላለች። አልገፋችውም፤ ድንጋዩን ያስቀመጠችው እሷ አይደለችም። «እኔን!» ማለቷ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፤ ማንም ሰምቶ «እንግዲያው ካሳ ክፈይ» አይላትም። ያንተ ጉዳት ከእኔ ውጭ አይደለም፣ በአንተ ፈንታ እኔ ልሁን ማለቷ ነው። ላልገፋው ሰው ይህን ያህል ከተባለ፣ በገዛ ትከሻው ለጣለው ሰውማ ምን ያህል ሊባል ነው?

የታተም ነገር የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። በፊቱ ሁለት በር ብቻ ያለ መሰለው። አንደኛው «አጥፍቻለሁ» የሚል፣ ሁለተኛው «ምንም አላደረግሁም» የሚል። በመጀመሪያው መግባት ሐሰት ይሆንበታል፤ ደንብ አልጣሰምና። ስለዚህ በሁለተኛው ገባ፤ በዚያው ቀረ። ሦስተኛው በር ግን ነበረ። «አላጠፋሁም፤ ነገር ግን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መጥቻለሁ» የሚል በር። በዚህኛው ለመግባት ደንብ ማጣቀስም፣ ራስን ማዋረድም አያስፈልግም።

ብሉይ ኪዳንም ይህን በር ያውቀዋል። በኦሪት ሕግ እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ወልቆ ባልንጀራውን የገደለ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይባልም፤ አይገደልም። ነገር ግን «ነፃ ነህ፣ ወደ እርሻህ ተመለስ» አይባልም። ከስድስቱ የመማፀኛ ከተሞች ወደ አንዱ ሄዶ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ እዚያ ይቀመጣል። ከተማው በአንድ በኩል ከደም መላሽ ያስጥለዋል፤ በሌላ በኩል ሰው መሞቱን ኑሮው ሁሉ እንዲያስታውስ ያደርገዋል። ሕጉ እንግዲህ ንጹሕ መሆንና ሸክም አለመኖር ሁለት ነገር መሆናቸውን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል።

«ይህ ሁሉ ቅዱስ ሐሳብ ነው፤ በኳስ ሜዳ ግን አይሠራም» የሚለኝ ሰው ቢኖር በዚያው ሜዳ ከነበሩት አንዱን ልጥቀስለት። የታተም አሠልጣኝ የነበረው ጆን ማደን በዚያው ምሽት ወደ ሆስፒታል ሄደ። ከዚያም በኋላ እየተመላለሰ ጠየቀው፤ ሁለቱም ወዳጆች ሆነው ቀሩ። ማደን ስቲንግሊን አልነካውም፤ የስቲንግሊ አሠልጣኝም አልነበረም። የሌላው ቡድን አለቃ ነበር። እሱ ግን በሜዳው ላይ የሆነው ነገር ከፊሽካው ጋር እንደማያልቅ ገባው። ስለዚህ ከታተም የጠበቅነው መልአክ ብቻ የሚያደርገውን ነገር አልነበረም። ያው አለቃው ያደረገውን ነው።

ስለ ፈቃደኝነትም አንድ ነገር ልበል። ስቲንግሊ ፈርሞ መግባቱ እውነት ነው። ነገር ግን የፈረመው ምን ላይ ነበር? ሊመቱኝ፣ ሊሰብሩኝ ይችላሉ የሚለውን ተቀብሏል። ከተሰበርሁ በኋላ የሰበረኝ ሰው ይርሳኝ የሚል ውል ግን ማንም አይፈርምም። አደጋን መቀበል ሌላ፣ መተውን መቀበል ሌላ ነው። እንዲያውም ተቀባዩ በአየር ላይ ደረቱን ገልጦ ሲዘል ባላጋራውን በአንድ ነገር ያምነዋል። «ትጥለኛለህ፤ ነገር ግን ሰው መሆኔን ታውቃለህ» ማለቱ ነው። ይህ እምነት ከሌለ ጨዋታው ጨዋታ ሳይሆን የበሬ ግጥሚያ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ሌላው ወገን ይናገር። ዕዳውን በአንድ ሰው ራስ ላይ ከመርን ሌሎቹ ባለዕዳዎች ሹልክ ብለው ያመልጣሉ። ታተምን እንዲያ እንዲመታ ያሠለጠነው፣ ደመወዝ የከፈለው፣ ቅጽል ስሙን ያሞጋገሰው፣ ምቱን በቴሌቪዥን ደጋግሞ ያሳየው ማን ነው? ለማንም ለማይቆጠር ግጥሚያ ትኬት የሸጠውና የገዛውስ? ደንቡን የጻፈውስ? ደንብ ከሰማይ አልወረደም። በዚያው በ1978 ሊጉ ተከላካዮች ከአምስት ያርድ በኋላ ተቀባዩን እንዳይገፉና እንዳይዙ የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ዓላማው ኳስ እየተወረወረ ጨዋታው እንዲደምቅ ነው። የተቀባዩን ሩጫ የሚጠብቅ ደንብ እንግዲህ ነበረ፤ የዘለለውን ሰው ራስ በሚገባ የሚጠብቅ ግን አልነበረም። ራሱን መከላከል የማይችልን ተቀባይ ራሱ ላይ በሄልሜት፣ በክንድ ወይም በትከሻ መምታት የሚያስቀጣ የሆነው በ2009 ነው። ስቲንግሊ ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህ ለክርክሬ ትልቅ ነገር ነው። በ1978 ያልተከለከለው በ2009 ከተከለከለ፣ «ደንቡ ፈቅዶልኛል» የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት አለው? የ1978ቱ አንገት ከ2009ኙ አንገት ያነሰ ነበርን? አልነበረም። ደንብ ከሕሊና ኋላ የሚሄድ ነገር ነው፤ አንዳንዴ በሠላሳ ዓመት ወደኋላ ይቀራል። በዚያ በሠላሳው ዓመት ክፍተት ውስጥ የሚኖር ሰው ደንቡ እስኪደርስለት ከጠበቀ ባልንጀራው ይሞትበታል።

እንግዲህ የሊጉ ዕዳ የታተምን ዕዳ አይሰርዘውም፤ የታተምም ዕዳ የሊጉን አይሰርዝም። ዕዳ እንደ ዳቦ ለብዙ ሰው ሲቆረስ የሚያንስ ነገር አይደለም። ለሁሉም እንደየቅርበቱ ሙሉ ሆኖ ይደርሰዋል። ሊጉ የሚከፍለው በገንዘብና በደንብ ነው። ሰው የሚከፍለው ግን በመሄድ ነው።

ስቲንግሊስ ምን አደረገ? በ1983 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ በሕይወት በመኖሩ ደስተኛ መሆኑን በርዕሱ አስታወቀ። በልጅነቱ ከተማ በቺካጎ ለወጣቶች የሚሆን ድርጅት አቋቋመ። ታተምንም ይቅር ማለቱን ተናገረ። ማንም ሳይለምነው። በ1996 ሁለቱ በቴሌቪዥን እንዲገናኙ ታስቦ ነበር፤ ስቲንግሊ ግን ግንኙነቱ የታተምን አዲስ መጽሐፍ ለማስተዋወቅ መሆኑን ሲሰማ ቀረ። ይህ መቅረት ከይቅርታው ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም። ይቅርታን በነፃ የሰጠ ሰው ይቅርታው በሌላ ሰው ሲሸጥበት ዝም ብሎ ማየት የለበትም።

ከዚያ በኋላ ታተም በስኳር በሽታ ተይዞ እግሩ ተቆረጠ። ብዙ ሰው «እጁን አገኘ» የሚልበት ቦታ ነበር። በ2003 ጋዜጠኞች ስቲንግሊን ሲጠይቁት በሌላ ሰው ላይ በደረሰ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሆኖ መደሰት እንደማይቻል፣ ሰው መጥላትን ቢማርም እግዚአብሔር ግን መውደድን እንደሚያስተምር መለሰ። ራሱ የሞተው በ2007 በ55 ዓመቱ ነው። ታተም በ2010 በ61 ዓመቱ ተከተለው። በየጋዜጣው የታተም ሞት ሲነገር የተነሣው ያ አንድ ምት ነበር። አሥር ዓመት የተጫወተ፣ ሻምፒዮን የሆነ ሰው፣ ሳይከፍለው የቀረው ነገር እስከ መቃብር ተከተለው። ስለዚህ ዕዳው የጎዳው ስቲንግሊን ብቻ አይደለም። ባለዕዳውንም ነው ያሰረው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በቋንቋችን የሚጠይቀውም «ይቅርታ» ይጠይቃል፣ የሚሰጠውም «ይቅርታ» ያደርጋል። ቃሉ አንድ ነው። ትርጉሙም «ይቅር»፣ ወደ ኋላ ይቅር፣ አብሮን አይሂድ ማለት ነው። ከባድ ዕቃ በሁለት ሰው ተይዞ መሬት እንደሚቀመጥ ሁሉ በሁለት ወገን ነው የሚወርድ። ስቲንግሊ በበኩሉ ያለውን ጫፍ ብቻውን አወረደ፤ ያንንም ያደረገው እጁን እንኳ በደንብ ማዘዝ የማይችለው ሰው ነው። ጤነኛው ግን የራሱን ጫፍ እንደያዘ ቀረ።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት በሞተ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኛም ነገ ከዚህ ግቢ ስንወጣ እያንዳንዳችን ደንብ ይሰጠናል። ሐኪም የሚሆነው በሽተኛውን መጽሐፉ እንደሚለው አክሞ ይሞትበታል። አስተማሪ የሚሆነው በአንድ ነጥብ ጣለው ብሎ ደንቡ ያዘዘውን ልጅ ይጥላል። ዳኛ የሚሆነው በማስረጃው መሠረት ይፈርድና ቤት ይበተናል። ቢሮ የሚቀመጠው ቀኑ ያለፈበትን ማመልከቻ ይመልሳል። አንዳችንም አናጠፋም፤ ጨርቅም አይወረወርብንም። የሕግ ተማሪው ጓደኛዬም መጥቶ ቁጥር ይጠቅስልናል። ቁጥሩም ትክክል ይሆናል።

ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ያለውን ማታ የሚመለከት ነው። ወደ ሟቹ ቤት እንሄዳለን? የወደቀውን ልጅ ጠርተን እናነጋግረዋለን? ወይስ «አላጠፋሁም» የሚለውን እውነት እንደ በር ዘግተን እንተኛለን? ደንቡ የሚለን «አትቀጡም» ነው። «አትሂዱ» አላለንም። ጓደኛዬ እስካሁን አልተስማማልኝም፤ ከእናንተም የማይስማማ ይኖራል። በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝና እንከራከር።